አማቴ ሰማይ ሲያርሱ

ሰኔ 28 ቀን 2003፣ ገንዳ ውሃ

ሰርክአዲስ ዛሬ ጠዋት ለክረምት ኮርስ ጎንደር ሄደች። እኔ ዲግሪዬን ጨርሻለሁና ይህን ክረምት እግሬን ሰቅዬ አሳልፋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሚስቴ ግን ባሏን ሥራ ፈት አድርጋ የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ አባቷን ትታልኝ ሄደች።

አማቴ ጋሽ ፈረደ ግንቦት ላይ ሆዳቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ሐኪሙ እስከ መስከረም ድረስ ትራክተር ላይ እንዳይወጡ አዟል። ዕድሜ ልካቸውን ትራክተር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ትእዛዙ ነው ያመማቸው። ኮኪት ያለውን የሰሊጥ መሬታቸውን ዘንድሮ የሚያርሰው ጌች የሚባል ቅጥር ሾፌር ነው። ጋሽ ፈረደ ስለ ጌች ሲያወሩ ለሚሰማቸው፣ ሚስታቸውን የነጠቃቸው ሰው ይመስላል።

መናኸሪያ ላይ ሰርክአዲስ እጄን ይዛ፣ "አደራህን፣ ትራክተሩ ላይ እንዳይወጡ። በሆነ ነገር አቆያቸው" አለችኝ።

"በምን ላቆያቸው?"

"አንተ መምህር አይደለህ? ስልሳ ልጅ በፊዚክስ አርባ ደቂቃ ታቆይ የለ?"

ልጆቹ እንደሚተኙ አልነገርኋትም።

ሐምሌ 1

ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው በመንገዱ የሚያልፈውን ትራክተር ሁሉ ይመረምራሉ። "ይሄ ኖዝሉ ታሟል፣ ናፍጣ በደንብ አይረጭም።" "ይሄን የሚነዳው ዘመድ የለውም እንዴ፣ ክላቹን እንዲህ ሲያቃጥለው ዝም የሚሉት?" መጽሐፍ ላነብ ሞክሬ ነበር። አንዱን ገጽ ስንት ጊዜ እንደጀመርሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐምሌ 3

አመለጡኝ። ሽንት ቤት ናቸው ብዬ ስጠብቅ ባጃጅ ተሳፍረው ወደ ኮኪት ሊሄዱ ሲሉ ደረስሁባቸው። "ላየው ብቻ ነው! ማየትም ተከለከለ?" ይላሉ። ሾፌሩ ይስቃል። በአማት ላይ እጅ ማንሳት ነውር ስለሆነ የባጃጁን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። ዛሬ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው።

መስከረም ሩቅ ነው።

ሐምሌ 6

ተማሪዎቼን "ጌም ዕድሜ ይበላል" እያልሁ የምገሥጽ ሰው ነኝ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ግን የጦር አውሮፕላን የሚያበርሩበት ጌም አለኝ። ከሰርክአዲስ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እሷም "ሌላ ሴት ከምታመጣ ይሻላል" ብላ ፈቅዳልኛለች።

ኮምፒውተሩ ከገዳሪፍ የመጣ ነው። ቁልፎቹ ላይ ዐረብኛ ተጽፎባቸዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ ተልጠው ምንም አይታይባቸውም። መሪ ዱላው ከሥሩ የነዳጅ እጀታ አለው፤ ወደፊት ሲገፉት ሞተሩ ይጮኻል። ሌላው የውልብልቢቱ መቆጣጠሪያ ነው፤ እሱ በሁለት ቁልፎች ይታዘዛል። ነዳጁ ገብቶኝ ነበር። ውልብልቢት ግን የሚሽከረከር ነገር ነው፤ በቃ ይሽከረከር፤ ምኑን ነው የምቆጣጠረው? እያልሁ ሁለቱንም እስከ ጥግ ገፍቼ፣ ሞተሩን አቃጥዬ፣ ጠላት ሳይደርስብኝ በገዛ እጄ እሞት ነበር። ከጌሙ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ደጋግሜ አንብቤ በቅርቡ ነው ትንሽ የበራልኝ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ሰው የሚወድ አይመስለኝም።

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ሲያካፋ ጋሽ ፈረደ የሞተር ድምፅ ሰምተው በሩን ከፍተው ገቡ።

"ይሄ የምን ሞተር ነው?"

"አውሮፕላን ነው፣ ጋሼ።"

"ለምን ያቃስታል?"

መምህር ነኝና አስረዳሁ። ኒውተንን ጠራሁ። ወረቀት አውጥቼ የውልብልቢቱ ምላጭ እንዴት እንደሚያዘነብል ሣልሁ። ምላጩ ትንሽ አየር እንዲገምጥ ከሆነ ሞተሩ እንደ ልቡ ይዞራል፤ ለመነሻና ለአቀበት ነው። ብዙ አየር እንዲገምጥ ከሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አውሮፕላኑ ግን በአንዱ ዙር ሩቅ ይሄዳል፤ ለፍጥነት ነው። ነዳጁ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ውልብልቢቱ ጉልበቱ የት እንደሚያርፍ ይወስናል። ወረቀቱ ሞላ።

ጋሽ ፈረደ እንደ በሽተኛ አዩኝ። "ማርሽ ነው በለኛ!" አሉ። "ጭቃ ላይ ከባድ ማርሽ፣ አስፋልት ላይ ቀላል ማርሽ። ለዚህ ነው ወረቀት ያበላሸኸው?"

ማርሽ ነው። በዓመት አንድ ተማሪ እንዲህ ቢገባው እኔም ሰው በሆንሁ ነበር። ግን ተናደድሁ።

ሐምሌ 7

መብራት የለም። ጋሽ ፈረደ ጠዋት ጠየቁኝ፣ ቀትር ላይ ጠየቁኝ፣ አሁንም ጠየቁኝ። ስለ ኮኪት ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም!

ሐምሌ 9

ሥራ ተከፋፈልን። እሳቸው ዱላውንና ነዳጁን ይይዛሉ፤ እኔ በግራቸው ተቀምጬ የውልብልቢቱን ቁልፎች እጫናለሁ። "ማርሽ!" ሲሉኝ እቀይራለሁ። ዲግሪ ይዤ ረዳት ሆንሁ።

መነሳቱን ደህና ተነሱ። ከዚያ ነዳጁን አንድ ቦታ አቁመው እጃቸውን አነሱ። ትራክተር ሲያርስ የእጅ ነዳጁ አንዴ ከተተከለ ተተከለ ነው፤ ማታ ሞተር እስኪጠፋ የሚነካው የለም። "ጋሼ፣ ይሄ እንዲህ አይደለም፣ በየጊዜው ይቀነሳል፣ ይጨመራል" ብላቸው፣ "ነዳጅ የሚነካካ ሾፌር ሥራ የጠፋበት ነው" አሉኝ።

ከዚያ ማረስ ጀመሩ። ሌላ ቃል የለኝም። ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ያለ መሥመር ይዘው ይሄዳሉ፣ ይዞራሉ፣ ከመጀመሪያው ጎን ሌላ መሥመር ይዘው ይመለሳሉ። የጌሙን የእንግሊዝ ሰማይ ለሰሊጥ አዘጋጁት።

"ጋሼ፣ ጠላት ከኋላችን ነው!"

"ይጠብቃ! ይቺን ፈር ሳልጨርስ የት ልሄድ?"

ተመትተን ወደቅን። እስከ ማታ ስናርስና ስንወድቅ ዋልን።

ሲዞሩ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ለምን አልኋቸው። "የማረሻው ዲስክ አፈር የሚገለብጠው ወደ ቀኝ ነው፤ ሰውም እንደ ዲስኩ ይዞራል" አሉኝ። ሰማይ ላይ ዲስክ የለም ልል አስቤ ተውሁት። ሙያ ነው፤ ምን አገባኝ።

ሐምሌ 12

ዛሬ ርስት እንደሚካፈል ሰው ተጨቃጨቅን።

ከላይ ሆነው ጠላት ከታች አዩ። አፍንጫውን ደፍተው ቁልቁል ተወረወሩ፤ ጎሽ! ከዚያ፣ "ከባድ ማርሽ!" ብለው ጮኹ።

"ጋሼ፣ አይሆንም..."

"ከባድ ማርሽ አልሁህ! ቁልቁለት ነው!"

አማት ናቸውና ታዘዝሁ። ሞተሩ እንደ ፉጨት ጮኸ፣ ዙሩ ከቀዩ መሥመር አለፈ፣ ጭስ ወጣ፣ ውልብልቢቱ ቀጥ አለ። ወደቅን። ጠላት አጠገባችን አልደረሰም፤ እንዲያውም አላየንም።

ጋሽ ፈረደ ከአይከል ቁልቁል ተሳቢ እየጎተቱ የወረዱበትን ዘመን ሁሉ ቆጠሩልኝ። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የማይወርድ ሾፌር መቃብሩን እንደቆፈረ ነው፤ ሞተሩ ነው ጭነቱን የሚይዘው። ትክክል ነው። ግን ትራክተር ቁልቁለት ላይ ቢሮጥ ቢሮጥ ከአህያ አይበልጥም። አውሮፕላን ሲወረወር ንፋሱ ውልብልቢቱን ይነዳዋል፣ ውልብልቢቱ ሞተሩን ይነዳዋል። ምላጩ ትንሽ የሚገምጥ ከሆነ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ዞሮ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ቁልቁል ሲሄዱ ነዳጅ መቀነስ፣ ውልብልቢቱንም ብዙ እንዲገምጥ ማድረግ ነው።

"ቁልቁለት በቀላል ማርሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "መምህር፣ ይሄን ነገር ሾፌር ፊት አትድገመው። ያስሩሃል።"

ሐምሌ 15

ቁልቁለት ስንለማመድ ዋልን። ሁለት ጊዜ ሳንሞት ወረድን።

ሰርክአዲስ ደወለች። "አባቴ እንዴት ናቸው?" "እየበረሩ ነው" አልኋት። ሳቀች። የሷን ሳቅ በስልክ መስማት ደስ አይልም፤ ሲያልቅ ቤቱ ባዶ ይሆናል።

ሐምሌ 19

ከበራችን በስተግራ ሻይ የምትሸጠው ሁሪያ ዛሬ ስወጣ ጠራችኝ፤ መምህርን ኡስታዝ ትላለች።

"ኡስታዝ፣ ሽማግሌው ተቀይመውኛል ወይ? በየቀኑ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ዞር ብለው አያዩኝም። ሲመለሱ ደግሞ ራሳቸው 'ሁሪያ፣ እንዴት ዋልሽ' ይሉኛል። ጠዋት ጠላት፣ ማታ ወዳጅ!"

"ጆሯቸው ነው" አልኋት።

ጆሯቸው የትራክተር ኖዝል ከሩቅ ያዳምጣል። የመጣልኝ እሱ ስለሆነ ነው የተናገርሁት።

ሐምሌ 22

ወደ እንግሊዙ አውሮፕላን ተዛወርን። እስካሁን የምንበርበት ጀርመን ሠራሽ ነው፤ ምላጩን በእጅ ነው የምናዞረው። የእንግሊዙ ግን አንድ ነገር ጨምሯል፦ ዙሩን ብቻ ትነግረዋለህ፣ ምላጩን ራሱ እያዞረ ያን ዙር ይጠብቃል።

"ገቨርነር አለው በለኛ" አሉ።

"አለው።"

"የእኔም ትራክተር አለው። ነዳጁን ትተክላለህ፣ ገቨርነሩ ዙሩን ይጠብቃል።"

"እዚህ ግን ዙሩን የሚይዘው የውልብልቢቱ እጀታ ነው እንጂ ነዳጁ አይደለም።"

"ታዲያ ነዳጁ ምን ሥራ አለው?"

እዚህ ላይ ምሳ ሰዓት አለፈ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የተምታታብኝ እዚሁ ላይ ነበር። ነዳጅ ስትጨምር በትራክተር ዙሩ ይጨምራል። በዚህኛው ነዳጅ ስትጨምር ዙሩ ንቅንቅ አይልም፤ ምላጩ ያዘነብልና ብዙ አየር ይገምጣል፣ አውሮፕላኑ ይፈጥናል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ጉልበት ስትፈልግ መጀመሪያ ዙሩን ከፍ፣ ከዚያ ነዳጅ። ስትቀንስ መጀመሪያ ነዳጅ፣ ከዚያ ዙር። ከገለበጥኸው ዙሩ ዝቅ ባለ ሞተር ላይ ነዳጅ ትከምርበታለህ።

"በአራተኛ ማርሽ ዋልካ ጭቃ ውስጥ እንደ መግባት" አሉ።

"እንደሱ።"

"ይሄን ጌች ነው የሚያደርገው" አሉና ፊታቸው ጠቆረ።

ከሰዓት በኋላ የእንግሊዙን ይዘን ተዋጋን። ጠላቱን እያሳደዱት ሳለ ድንገት፣ "የት ገባ?" አሉ።

"በግራ ነው፣ ጋሼ።"

"የለም።"

"ይኸው፣ በግራ በኩል፣ ከጥጉ አጠገብ።"

"የለም አልሁህ!" ከዚያ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩ። "አሃ። ተደብቆ ኖሯል።"

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። የስክሪኑ ብርሃን በዚያ በኩል ደከም ያለ ይመስለኛል።

ሐምሌ 25

በግራቸው ያስቀመጥሁትን ሻይ በክንዳቸው ገፍተው የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ደፉት። ስኳሩ ቁልፎቹን አጣበቃቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮምፒውተር አጠገብ ሻይ አይቀመጥም።

ሐምሌ 26

ዛሬም በግራቸው አስቀመጥሁት። ከቁልፍ ሰሌዳው ግን ራቅ አድርጌ ነው።

"ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?" አሉኝ።

አንስቼ በቀኛቸው አስቀመጥሁት። "አሁን ገና አመጣሁት" አልኋቸው። አመሰገኑኝ።

ሐምሌ 29

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርስ ጸዳለን ስለ አንድ ጓደኛዬ አማከርኋት። በአንድ ወገን ያለውን ነገር አያይም፣ ሕመም ግን የለውም አልኋት።

"ዕድሜው ስንት ነው?"

"ስልሳ ሁለት።"

"ትልቅ ጓደኛ ነው ያለህ፣ መምህር።" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "የዓይን ግፊት ሊሆን ይችላል። ከሆነ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታው ሊያቆየው ይችላል። ዛሬ ነገ ካለ የሚቆይለትም አይኖርም። ጎንደር ይሂድ፣ ዓይኑን ይታይ። ሞተር የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ያቁም።"

እነግራቸዋለሁ። ግን ከነገ ወዲያ ጾም ሊገባ ነው። ሰው ጾም ሊገባ ሲል ክፉ ወሬ አይነገረውም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ጋሽ ፈረደ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው አማተቡና፣ "በጾም ሰው አልገድልም" አሉ።

"ጌም እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ጌሙ ይጹማ!"

መተኮሻውን ትተን እንበራለን። ጠላት ይመጣል፣ እንሸሻለን። ይገርማል፤ ስንሸሽ ነው ያወቅንበት። ዙር ከፍ፣ ነዳጅ፣ ሽቅብ። ነዳጅ ቀንስ፣ ዙር ዝቅ፣ ቁልቁል። ነዳጁንም መነካካት ጀምረዋል። "እንደ ጨቅላ ልጅ ነው፣ ካልዳበስኸው ያለቅሳል" ይላሉ።

ነሐሴ 5

አልነገርኋቸውም።

ነሐሴ 8

ሰርክአዲስ ደወለች። ልነግራት አፌን ስከፍት ፈተና እንዳለባት ነገረችኝ። ታዲያ እንዴት ልንገራት? ፈተናዋ ይለቅ። "ድምፅህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኋት። የእኔ ውሸት በሽታ ሳይጠራ አይወጣም መሰል።

ነሐሴ 12

የሚጽፈው ቀዥቃዣ እጄ ነው እንጂ ልቤስ ሊጽፈው አልፈለገም። ጠዋት ከበሩ መቃን ጋር ግራ ትከሻቸውን ተጋጩ። "ይቺ በር ጠበበች" አሉ። እኔም አብሬ በሩን ሰደብሁት። በሩ ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ ያው በር ነው።

ዛሬ ስለ መስከረም አወሩኝ። ሐኪሙ የሰጣቸው ቀን ሲሞላ ሌሊት ተነስተው፣ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ኮኪት ሄደው፣ ጌችን በክብር አሰናብተው፣ ሞተሩን ራሳቸው ያስነሳሉ። ሰሊጡ ሲታጨድ ምርቱን በገዛ እጃቸው ጎትተው ገንዳ ውሃ ያስገባሉ። ሲናገሩ ጉልበታቸው ላይ ያለው እጃቸው ማርሽ ይቀይራል።

ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? አባቴ የሞተው እኔ ገና ትምህርት ሳልጀምር ነው። አባት ከጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እወዳቸዋለሁ። ይኸው ጻፍሁት። ብነግራቸው ደግሞ ይህ ክረምት ያልቃል፤ እሳቸው ዓይነ ስውር ይባላሉ፣ እኔ የነገራቸው ሰው እባላለሁ። ዝም ባልሁ ቁጥር ግን የቀረው ብርሃን ይቀንሳል። ይህንንም አውቃለሁ። ፈሪ ነኝ፤ የተማረ ፈሪ።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ጋሽ ፈረደ ጥሬ ሥጋ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ጠላት ጣሉ! የመጀመሪያቸው ነው። ከላይ ሆነው፣ ነዳጅ ቀንሰው፣ "ቀላል ማርሽ!" ብለው ራሳቸው አዘዙኝ፣ ተወረወሩ፣ አቃጠሉት። በደስታ ጮኹ። ሁሪያ ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ መጣች።

የጣሉት በቀኝ በኩል የመጣውን ነው።

ነሐሴ 21

ጌች ትራክተሩን እየነዳ ከነተሳቢው መጣ። ወባ ይዞታል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎ ጤና ጣቢያ ገባ። ኮኪት ለአረም የተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች ውሃቸው አልቋል፤ የውሃ በርሜሎቹ ተሞልተው ተሳቢው ላይ ናቸው። ሾፌር ልፈልግ ወጣሁ። በዚህ ወር ሾፌር የሚባል ሁሉ የሰው እርሻ ላይ ነው።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ጋሽ ፈረደ ኪሴን እንጂ ፊቴን አያዩም።

ነሐሴ 22

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ጠዋት፣ "ሰው በውሃ ጥም ሊሞት ነው፣ ቁልፉን አምጣ" አሉኝ።

"ሐኪሙ ከልክሏል። ሆድዎ..."

"ሆዴ ድኗል።"

እኔ የጠቀስሁት ሆዳቸውን ብቻ ነው። አፌ ላይ የነበረው ሌላ ነው። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከዚያ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ በግራ በኩል የጎማው ክዳን፣ ፓራፋንጎው ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ግራቸውን እኔ አየዋለሁ፤ ማንም ሳይነገረው ውሃው ይደርሳል፤ እኔም ዛሬን እተርፋለሁ። ሐሳቤ ይህ ነበር።

ሞተሩን ሲያስነሱት ሃያ ዓመት ቀነሱ። አስፋልቱ ላይ በግራ በኩል አህያ ሲመጣ፣ "ጠላት በግራ!" ብዬ ጮኽሁ። ሳቁና መሪውን ወደ ቀኝ ሰበር አደረጉ። ላም ስትመጣ፣ "ጠላት በግራ፣ ባለ ቀንድ!" አልሁ። የእንጨት ጋሪ፣ ጉድጓድ፣ ቆማ የምታወራ ሴት፤ ሁሉም ጠላት ሆነ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲህ ሆኖ ሊቀጥል የሚችል መሰለኝ። ለዘላለም ፓራፋንጎ ላይ ተቀምጬ ጠላት መቁጠር እችላለሁ አልሁ በልቤ።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ከባድ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ጭነቱን ያዘ። "ይኸውልህ፣ መምህር!" አሉ። "ቁልቁለት ነው፣ ከባድ ማርሽ ነው! ሞተሬ ፈነዳ? ጭስ አየህ?"

"ጋሼ፣ ዙሩን ይዩት እስቲ! ትንሽ ፈጥነን ብንወርድ እኮ..." ብዬ የዙር መቁጠሪያውን ላሳያቸው ወደ መሪው ጎንበስ አልሁ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ስለ ንፋስና ስለ ምላጭ አወራሁ። እየተከራከርን ነበር። ግራውን ማንም አላየም።

እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ትራክተሩ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ወረደ።

ዳስ ነው። ለሠራተኞቹ የምታበስለው አሰበች የምትተኛበት ዳስ ነው። የፊቱ ጎማ ምሰሶውን ጥሎ፣ የኋላው የእንጨት አልጋዋ ላይ ቆሟል። ብርድ ልብሷ ከጎማው ሥር ወጥቶ ይታያል።

ከፓራፋንጎው እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ብርድ ልብሱን ለመግለጥ እጄ እንቢ አለኝ። ሰው ይኑርበት አይኑርበት የማላውቅባት ያቺ ጊዜ እስካሁን አላለፈችልኝም።

አሰበች ከዳሱ ጀርባ ጭራሮ ታቅፋ ወጣች። ጭራሮውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና አልጋዋን አየችው።

"ራሴን አሞኝ ተኝቸ ነበርኮ" አለች። "አሁን ነው የተነሳሁት። እሳቱ ጠፋ ብየ ነው የተነሳሁት።"

ጋሽ ፈረደ ሞተሩን አጠፉ። የጠየቁት እሷን ሳይሆን እኔን ነው።

"ምንድን ነው?"

"ዳስ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰው?"

"ደህና ናት። ውጪ ነበረች።"

"በየት በኩል ነው?"

"በግራ።"

መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "አንተ ግራ አልነበርህም ወይ?" አሉኝ።

ፓራፋንጎው ላይ ለምን እንደተቀመጥሁ ገና ስወጣ አውቀውታል።

ወርደው በእጃቸው ጎማውን፣ ከዚያ አልጋውን፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን ዳሰሱ። አሰበች እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው። "ኧረ በስመ አብ፣ አባቴ፣ ይነሱ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለቻቸው። እሳቸው እያለቀሱ ነበር። እኔም።

ወደ ከተማ በእግር ተመለስን። አንድ የሚያልፍ መኪና ቆሞልን ነበር፤ እንቢ አሉ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?" አሉኝ።

"ከሐምሌ።"

አልተቆጡም። ጥቂት ሄዱና፣ "እኔ ከአምና ፋሲካ" አሉ።

በግራቸው ነበር የምሄደው። ወደ ቀኝ ዞርሁላቸው፣ ፊቴን እንዲያዩኝ።

ነሐሴ 23

የነገ ጠዋት የጎንደር አውቶቡስ ላይ ቦታ ያዝሁ፤ ለሁለታችን። የአሰበችን ዳስ የሚሠሩ ሰዎች ጋሽ ፈረደ ራሳቸው ላኩ። ኮምፒውተሩን ዛሬ አልከፈትንም።

ከሰዓት በኋላ ለሰርክአዲስ ደወልሁ። ያለ ቀልድ እንዴት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ስለ ጎንደር ዝናብ ጠየቅኋት። "ምነው? አባቴ ምን ሆኑ?" አለችኝ። "ሰርኬ፣ አንድ ነገር..." አልሁና ቆምሁ። "ዛሬ ነው ያወቅነው" የሚል ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልለው ነበር።

ጋሽ ፈረደ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"ልጄ፣ የግራ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው" አሏት። እስክትጨርስ አዳመጧት። ከዚያ፣ "ባልሽማ ከሐምሌ ጀምሮ ያውቃል" አሉና ስልኩን መልሰው ሰጡኝ።